ፊኛ፣ መርፌ፣ ቱቦ ወይስ ቆረጣ? ጨጓራ ምግብ አላወርድ ሲል በኢንዶስኮፒ የሚሰጡ ሕክምናዎች

እናቴ በገሃድ ማታ የበላችውን ሽሮ በጥምቀት ጠዋት አስመለሰችው። ሽሮው ሽሮ እንደሆነ ነው። እንጀራው እንኳ ቅርጹን አልለቀቀም። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ወርዷል። እኔና እሷ ቤት ቀርተን ሳፋውን እያየን ዝም አልን።

ከዚያ በፊት ለሰባት ወር የአሲድ መድኃኒት ስትውጥ ነበር። «ጨጓራ ነው» ተብላ። ጎንደር ውስጥ ከደረት በታች ለሚያም ነገር ሁሉ ያለን ስም አንድ ነው። ማቃጠሉም ጨጓራ፣ መንፋቱም ጨጓራ፣ ማስመለሱም ጨጓራ። እናቴ ስኳር ከያዛት 18 ዓመት አልፏታል። ስኳሩንና ማስመለሱን አገናኝቶ የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም። እኛም አላገናኘነውም።

ያን ሰሞን አጎቴ ከዳባት መጣ። እሱም ያስመልሰዋል። እሱም የሚያስመልሰው የትናንቱን ነው። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት በገመድ አስሮታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ በሽታ ነው የያዛቸው ይላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ኢንዶስኮፒ በሚባለው፣ በአፍ በሚገባ ባለካሜራ ቱቦ ሲታዩ ግን የአጎቴ የጨጓራ መውጫ በቁስል ጠባሳ ጠብቦ ተገኘ። ቱቦው ማለፍ አቃተው። የእናቴ መውጫ ደግሞ ምንም የለበትም። ቱቦው ሰተት ብሎ አለፈ። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ያልቀመሰች ሴት ጨጓራ ውስጥ ምግብ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰማነው የሕክምና ዓይነት ብዛት ግራ ያጋባል። የሚነፋ ፊኛ አለ፣ መርፌ አለ፣ ቱቦ አለ፣ ጡንቻ መቁረጥ አለ። አንዱ ዘመድ «አዲስ አበባ ውሰዷት» ይላል፤ ሌላው «ውጭ አገር ነው የሚሻለው» ይላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ሕመምተኛ ይዤ፣ ብዙ ጠይቄ፣ ብዙ አንብቤ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ። ፊኛም ይሁን መርፌ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ችግሩ በሩ ነው ወይስ ምግቡን የሚገፋው ጉልበት?

በሩና ጉልበቱ

ጨጓራ ከረጢት ብቻ አይደለም። የላይኛው ክፍሉ ይለጠጥና ምግብ ይቀበላል። የታችኛው ክፍሉ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ይፈጫል። ምግቡ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር እስኪደቅ ድረስ ያሸዋል። ከዚያ ፓይሎረስ የሚባለው የመውጫ በር ትንሽ በትንሽ ወደ ቀጭኑ አንጀት ያሳልፋል። ይህን የሚያስተባብሩት ቬገስ የሚባለው ነርቭና በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ያሉ ምት የሚሰጡ ሴሎች ናቸው።

ለዓመታት የቆየ ስኳር ሁለቱንም ይጎዳል። ያኔ ጨጓራው ይዝላል። በሩም መላላት ባለበት ሰዓት አይላላም። ምንም የዘጋው ነገር ሳይኖር ምግብ አልወርድ ይላል። ሐኪሞች ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል። ከስኳር ሌላ፣ በጨጓራ ወይም በጉሮሮ ቱቦ ቀዶ ጥገና ጊዜ ቬገስ ነርቭ ሲነካም ይመጣል። ምክንያቱ የማይታወቅለት ሰውም ብዙ ነው። መድኃኒትም ያዘገያል። ትራማዶልና ሞርፊን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ኦዜምፒክን የመሳሰሉ የስኳርና የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ጨጓራን ያዘገያሉ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን በቃል ለመናገር አትሞክሩ።

የአጎቴ ነገር ሌላ ነው። ለወገብ ሕመሙ ዲክሎፌናክ ለዓመታት ወስዷል። የጨጓራ ባክቴሪያም ተገኝቶበታል። ቁስሉ እየዳነ፣ እየቆሰለ፣ እየዳነ በሩ ላይ ጠባሳ ሠራ። የእሱ ጨጓራ ጉልበት አላጣም። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ይገፋ ነበር። በሩ ነው የጠበበው። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ አይደለም። በሩን የሚያጠበው ጠባሳ ብቻ እንዳልሆነም እወቁ። ካንሰርም እዚያው ቦታ ይበቅላል። በተለይ ክብደት እየቀነሰ ለሚያስመልስ ትልቅ ሰው ናሙና ሳይወሰድ «ጠባሳ ነው» ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም። ናሙናው ተወስዶ እንደሆነ ጠይቁ። ውጤቱን በእጃችሁ ያዙ።

ጋስትሮፓሬሲስ ነው ለማለት ደግሞ ኢንዶስኮፒ ብቻውን አይበቃም። መዘግየቱ በልኬት መታየት አለበት። ዋናው መለኪያ እንዲህ ነው። ቀላል የጨረር ምልክት የተደረገበት እንቁላል በዳቦ ትበላላችሁ። ከዚያ ለ4 ሰዓት ያህል በየተወሰነው ጊዜ ካሜራ ፊት ትቆማላችሁ። ከ4 ሰዓት በኋላ ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከቀረ ዘግይቷል ማለት ነው። በትንፋሽ የሚለካም አለ። ምርመራው እውነቱን እንዲናገር የሕመም ማስታገሻውና ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰው መድኃኒት ቀደም ብለው መቆም አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን። ስኳርም መውረድ አለበት። በምርመራው ጠዋት ስኳሩ ከ275 በላይ ከሆነ ውጤቱ አያስተማምንም፤ ከፍተኛ ስኳር ራሱ ጨጓራን ያዘገያልና። ይህን ማንም ሳይነግራቸው ተመርምረው «ጋስትሮፓሬሲስ አለብህ» የተባሉ ሰዎች አሉ። ያሳዝነኛል።

በፊኛ መንፋት

በኢንዶስኮፒው ውስጥ የታጠፈ ፊኛ ይገባል። በሩ ላይ ሲደርስ በውሃ ወይም በአየር ይነፋል። ለጠባሳ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን የሚገባው ይህ ነው። በአንድ ቀን አያልቅም። በ10 ወይም በ12 ሚሊ ሜትር ይጀመርና በየቀጠሮው እየሰፋ ይሄዳል። ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ብዙ ሰው በደንብ መብላት ይጀምራል። ቸኩሎ አንድ ጊዜ በሰፊው መንፋት በሩን ሊቀድ ይችላል። የጨጓራ መቀደድ ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ይበቃል» ከሚላችሁ ይልቅ «ተመለሱ» የሚላችሁን እመኑ።

አጎቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ከሁለተኛው በኋላ ቅንጬ በላ፤ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እሱን ያዳነው ግን ፊኛው ብቻ አይደለም። ባክቴሪያው በመድኃኒት ጠፍቷል። ኦሜፕራዞል የሚባለውን የአሲድ መድኃኒት በትክክል ወስዷል። ዲክሎፌናኩንም አቁሟል። እነዚህ ሦስቱ ካልተደረጉ ጠባሳው ተመልሶ ይጠባል። ፊኛ ነፍቶ ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ መቀጠል በአንድ እጅ ከፍቶ በሌላው መዝጋት ነው። ተደጋግሞ ተነፍቶ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ ወደ ቀዶ ጥገና መሄድ ይሻላል።

ለእናቴስ? ጠባሳ ለሌለበት በር ፊኛ የሚሰጡ ሐኪሞች አሉ። የተወሰኑ ሰዎች ይቀልላቸዋል። ማስረጃው ግን ደካማ ነው፤ ማቅለሉም ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ጡንቻ ነውና ይለጠጥና ይመለሳል። ለጋስትሮፓሬሲስ ፊኛን በመጀመሪያ ደረጃ አላስቀምጠውም።

የቦቶክስ መርፌ

ስለዚህ መርፌ በግልጽ ልናገር። ቦቶክስ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ነው። በኢንዶስኮፒ ከ100 እስከ 200 ዩኒት ያህል በሩ ዙሪያ ይወጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በሩ ከላላ ምግብ ይወርዳል። ግን ምንም መድኃኒት ከሌለው መርፌ ጋር ሲወዳደር አልበለጠም። ይህን ያሳዩት ሁለት ትናንሽ ጥናቶች ናቸው። በእ.ኤ.አ. 2022 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያም ለጋስትሮፓሬሲስ አይመክረውም። ቢሠራ እንኳ ኃይሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ያልቃል።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? ቀላል ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ አደጋው ትንሽ ነው። ለእኛም ስልክ ተደውሎ ቀጠሮ ሊያዝልን ነበር፤ የየት ክሊኒክ እንደሆነ አልናገርም። እናቴ የአውሮፕላን ትኬት፣ ማደሪያና የመርፌውን ዋጋ ደምራ «ይኼ ገንዘብ ስንት ወር የስኳር መድኃኒት ይገዛል?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል መንገድ ለሦስት ወር ተስፋ መሄድ የለበትም።

በበሩ ላይ የሚቀመጥ ስቴንት

ስቴንት ከብረት መረብ የተሠራ ቱቦ ነው። በሩን ከፍቶ ይይዛል። ለጋስትሮፓሬሲስ ሲደረግ ትልቁ ችግሩ አይረጋም። ይንሸራተታል፤ አንዳንዴ ወደ አንጀት ይወርዳል። ሆስፒታል ተኝቶ ምንም መያዝ ላቃተው ሰው ለጊዜው ሊረዳ ይችላል። በካንሰር ለተዘጋ በር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ቀዶ ጥገና ለማይችል ሰው ቶሎ መብላት እንዲጀምር የሚያደርግ ጥሩ መንገድ ነው። አንድ መሣሪያ ለሁለት በሽታ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው ማለት ነው።

ጂ-ፖኤም፦ በሩን መቁረጥ

በኢንዶስኮፒ ከሚሰጡት ውስጥ ለጋስትሮፓሬሲስ በጣም ተስፋ የሚጣልበት ይህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ነገሩ የተጀመረው በጉሮሮ ቱቦ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ2008 የጉሮሮ ቱቦን የታችኛውን ጡንቻ በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፒ መቁረጥ ጀመረ። ሆድ ሳይከፈት። ቴክኒኩ ፖኤም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ያው ቴክኒክ ለጨጓራ በር በሰው ላይ ተሠራ። ጂ-ፖኤም የተባለው ያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሙሉ ማደንዘዣ ትተኛላችሁ። ኢንዶስኮፒው በአፍ ይገባል። ከበሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ የጨጓራው የውስጥ ሽፋን ትንሽ ይቀደዳል። በሽፋኑና በጡንቻው መካከል ዋሻ ይቆፈራል። ዋሻው በሩ ጋ ሲደርስ የበሩ ጡንቻ ይቆረጣል። ከዚያ መግቢያው በክሊፕ ይዘጋል። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በውጭ የሚታይ ጠባሳ የለም። አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያስተኛል። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ይሰጣል። የአሲድ መድኃኒትም ለሳምንታት ይወሰዳል፤ የተቆረጠው ቦታ እንዳይቆስል ነው።

ይሠራል ወይ? የቼክ ሪፐብሊክ ሐኪሞች የመሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። 41 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ተቆረጠላቸው። ግማሾቹ ደግሞ ተኝተው ኢንዶስኮፒ ገባላቸው እንጂ አልተቆረጠላቸውም። ታማሚዎቹ የትኛው እንደሆኑ አያውቁም። ከ6 ወር በኋላ ምልክታቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው፣ ከተቆረጠላቸው 71 በመቶ፣ ካልተቆረጠላቸው 22 በመቶ ነበሩ። ጥሩ ውጤት ያዩት በይበልጥ የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ይህን ያነበብኩ ማታ ለእናቴ ሮጬ ነገርኳት።

ግን ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። ምንም ካልተቆረጠላቸው ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ ተሽሎታል። ከተቆረጠላቸው ውስጥም ከአሥር ሦስቱ ያህል አልተሻላቸውም። ጥናቱ የወሰዳቸው ሰዎች ደግሞ ሕመማቸው የጠና፣ በመድኃኒት ያልተሻላቸውና መዘግየታቸው በልኬት የተረጋገጠ ነበሩ። ውጤቱ ለእነሱ ነው እንጂ «ጨጓራ አለብኝ» ለሚል ሁሉ አይደለም። ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

ማስመለስና ማቅለሽለሽ ዋና ችግሩ የሆነ ሰው የተሻለ ተስፋ አለው። ዋና ችግሩ ሕመም የሆነ፣ ወይም እንደ ትራማዶል ያለ ማስታገሻ ዘወትር የሚወስድ ሰው ተስፋው ያነሰ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጂ-ፖኤም በሩን ነው የሚከፍተው። የነርቭ ሕመሙን አያክምም። ለዛለ ጨጓራም ጉልበት አይሰጥም።

አደጋው የሚናቅ አይደለም። መድማት፣ የተቆረጠው ቦታ መቁሰል፣ የጨጓራ መቀደድ ሊኖር ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ በሩ ከመጠን በላይ ይከፈትና ምግብ ቶሎ ይወርዳል፤ ከበላ በኋላ ላብ፣ የልብ ምት መጨመርና ተቅማጥ ያመጣል። የሚሠራው ሰው ልምድ ወሳኝ ነው። ተራ ኢንዶስኮፒ የሚሠራ ሐኪም ሁሉ ይህን አይሠራም። አትፈሩ፤ «እርስዎ ራስዎ ስንት ሠርተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከተቀደደ ማታውኑ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሰው እዚህ አለ?» ብላችሁም ጨምሩ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

የምግብ ቱቦ

ማንም ሰው ቱቦ አይወድም። እናቴ ስሙን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ግን ቱቦ ሽንፈት አይደለም። ክብደቱ እየወረደ፣ ውሃ እንኳ አልያዝ እያለው ለሚሄድ ሰው ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው።

ምግቡ ጨጓራውን አልፎ በቀጥታ ቀጭኑ አንጀት ውስጥ መግባት አለበት። በመጀመሪያ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ ለጥቂት ቀናት ይሞከራል። አንጀቱ ምግቡን ከተቀበለ፣ በኢንዶስኮፒ እየታየ በሆድ ላይ የሚወጣ ቱቦ ይደረጋል። ከጨጓራ ላይ የሚወጣ ሌላ ቱቦ ደግሞ አየርና ፈሳሽ ማስወጫ ይሆናል። ማቅለሽለሹን በጣም ይቀንሳል።

ችግሩ እንክብካቤው ነው። የአንጀቱ ቱቦ ቀጭን ነው፤ ወፈር ያለ አጥሚት ይዘጋዋል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በውሃ መታጠብ አለበት። አንዳንዴም ወደ ጨጓራ ተመልሶ ይገባል። ያኔ እንደገና ኢንዶስኮፒ ነው። በከተማው ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ይቻላል። ጭልጋ ወይም ጃናሞራ ላለ ቤተሰብ ግን ቱቦው ሲዘጋ ማን እንደሚያየው ሳይታሰብ ቱቦ ማስገባት በሽተኛውን ማንገላታት ነው።

ከኢንዶስኮፒ ውጭ ያለውን በአጭሩ ልንካው። በቀዶ ጥገና በሩን ማስፋት አለ። ከጂ-ፖኤም ጋር ሲወዳደር ውጤቱ ይቀራረባል፤ የሆስፒታል ቆይታው ግን ይረዝማል። ሆኖም ቀዶ ሐኪም ከጂ-ፖኤም ባለሙያ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ስለዚህ ከዝርዝራችሁ አታውጡት። ለተደጋገመ ጠባሳ ወይም ለካንሰር ጨጓራን ከአንጀት ጋር በሌላ በኩል ማገናኘትም የቆየና የሚሠራ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ከቆዳ ሥር የሚቀበርም አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ለተወሰነ አገልግሎት ተፈቅዷል። ውድ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅም ይቀየራል።

ከሁሉ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራው

የምግቡን ነገር መጨረሻ ያደረግኩት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። እናቴን ለውጥ ያሳየናት እዚህ ላይ ነው። የትኛውም ሐኪም ጂ-ፖኤም ከማድረጉ በፊት ይህ በትክክል መሞከሩን ይጠይቃል።

መመሪያው በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቅባትና ገለባ ያነሰበት ይላል። ይህ ምክር ለጎንደር ገበታ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። እኛ እስከ 9 ሰዓት ጾመን አንድ ጊዜ በደንብ እንበላለን። በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎ ነው። ሲፈታ ደግሞ ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ። ለዘገየ ጨጓራ ሁለቱም ከባድ ናቸው። ቆሎና የሽምብራ አሹቅ አይፈጩም፤ ተጠራቅመው ጨጓራ ውስጥ ድንጋይ የሚያህል ጓል ሊሠሩ ይችላሉ። እኛ ቤት ለጨጓራ ተብሎ የሚጠጣው ተልባም ውሃ ይዞ ያብጣል። ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ጨጓራው ለዘገየ ሰው ግን አይሆንም። እናቴ ለሰባት ወር በየጠዋቱ ስትጠጣው ነበር።

አሁን የምትበላው እንዲህ ነው። ጠዋት ቀጭን የተጣራ አጥሚት። ረፋድ ላይ እርጎ ወይም የበሰለ ሙዝ። ምሳ ሩዝ በሾርባ፣ ወይም ትንሽ እንጀራ በአልጫ መረቅ ተፈትፍቶ። ቀትር ካለፈ በኋላ የተፈጨ ድንች ወይም አንድ እንቁላል። ማታ ሾርባ ብቻ። ሥጋ ከተበላ የተፈጨ። ከበላች በኋላ አትጋደምም። ግቢውን ሁለት ጊዜ ትዞራለች።

የጾሙ ጉዳይ ከምግቡ ይልቅ ከብዷት ነበር። «በሁዳዴ እርጎ?» ብላ አኮረፈችኝ። እኔ አልተከራከርኩም። የንስሐ አባቷን ቤት ጠራኋቸው። ሐኪሙ የጻፈውን ነገርኳቸው። «እማማ፣ በሽተኛ አይጾምም። ይብሉ» አሏት። ከእኔ አሥር ቃል የእሳቸው አንድ ቃል በለጠ። እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሙስሊም ወዳጆቻችንም በረመዳን ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ከሐኪም ጋር እንደምትነጋገሩ ሁሉ ከሃይማኖት አባታችሁም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ተደብቆ የሚጾም በሽተኛ ሐኪሙንም ያሳስታል።

ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። መርፌው ተወግቶ ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ከተቀመጠ ስኳር በድንገት ይወርዳል። ከሰዓታት በኋላ ምግቡ ሲወርድ ደግሞ ይሰቀላል። የእናቴ ስኳር አንዴ 58 አንዴ 340 ይል የነበረው ለዚህ ነው። እኛ «ደብቃ ጣፋጭ እየበላች ነው» ብለን ቆጥተናታል። ይቅር ትበለን። የመርፌው ሰዓት መቀየር እንዳለበት ሐኪማችሁን ጠይቁ። በራሳችሁ አትቀይሩት።

መድኃኒትም አለ። ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለው ሜቶክሎፕራሚድ ከምግብ በፊት ይወሰዳል። ይረዳል። ነገር ግን ከ12 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከንፈርና ምላስ ያለ ፈቃድ እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ችግሩ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ላይለቅ ይችላል። ከፋርማሲ በራስ እየገዙ ዓመት መዋጥ አደገኛ ነው። ኤሪትሮማይሲንም ጨጓራን ያንቀሳቅሳል፤ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውነት ይለምደዋል። ዶምፔሪዶን ለልብ ምት ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ሳትነሱ አትጀምሩት።

እንግዲህ ማን የቱን ይውሰድ

በሩ በቁስል ጠባሳ ከጠበበ ፊኛ ነው፤ ከባክቴሪያው ሕክምናና ከአሲድ መድኃኒት ጋር። ተደጋግሞ ከጠበበ ቀዶ ጥገና። ካንሰር ከሆነ የዚህ ጽሑፍ ምርጫ ውስጥ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሐኪምና ካንሰር ሐኪም መሄድ ነው፤ ቀን አትቁጠሩ።

በሩ ክፍት ሆኖ ጨጓራው ከዘገየ መጀመሪያ ስኳርና ምግብ፣ ከዚያ መድኃኒት ለተወሰነ ጊዜ። ይህ ሁሉ ለወራት በትክክል ተደርጎ አሁንም የሚያስመልስ፣ መዘግየቱ በልኬት የተረጋገጠ ሰው ካለ ስለ ጂ-ፖኤም መነጋገር ተገቢ ነው። ገንዘብ ተበድሮ መሄድ ካለም ለዚህ ነው እንጂ ለቦቶክስ አይደለም። ክብደቱ እየወደቀ ላለ ሰው ደግሞ ምርጫው እስኪታወቅ መጠበቅ የለበትም። ቱቦው ቀድሞ ይግባ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ደም ካስመለሰ፣ ሰገራው እንደ ጥቀርሻ ከጠቆረ፣ ወይም ሽንቱ እስኪቆም ድረስ ውሃ ካልያዘለት ይህን ሁሉ ተዉት። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት የኢንዶስኮፒውን ወረቀት፣ የናሙናውን ውጤትና የሦስት ወር አማካይ ስኳሩን ያዙ። የጤና መድን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱን በሥርዓቱ አጽፉ፤ ያለ ሪፈር ሄዶ ከኪስ ከፍሎ የተመለሰ ጎረቤት አለን። የምትሄዱበት ቦታም ደውላችሁ ሕክምናው በእርግጥ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚሠራውና ጠቅላላ ዋጋው ማደንዘዣውንና መኝታውን እንደሚጨምር አረጋግጡ።

አጎቴ ዳባት ተመልሷል። በስልክ ሲያወራ አሁን ስለ ከብቱ እንጂ ስለ ሆዱ አያነሳም። እናቴ ጂ-ፖኤምን ለጊዜው አቆይታዋለች። ስኳሯ ከተስተካከለና ምግቧ ከተቀየረ ወዲህ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚያስመልሳት፤ ድሮ በሳምንት አራት ጊዜ ነበር። አምስት ኪሎ ጨምራለች። ሐኪሟ በየሦስት ወሩ ያያታል፤ ከባሰባት ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ባለፈው ጥምቀት ነጠላዋን ለብሳ ታቦት ሸኝታ ተመለሰች። ገንፎ በሹካ ጫፍ እያነሳች ቀመሰች። ከዚያ «ይብቃኝ፣ ማታ እጨርሰዋለሁ» ብላ ከድና አስቀመጠችው።